ከተርሚናል ሶፍትዌር ሲጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ኡቡንቱ (በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የጫነ ተማሪ ሮሮው ያው ነው፦ «ትእዛዙን በትክክል ጽፌው እምቢ አለኝ።» ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፣ ትእዛዙ ልክ ነው። (እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ትእዛዞች ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት።)

ማንም የማይጠረጥረው ሰዓቱን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን «2፡00» ብለው የሚሞሉ አሉ። ማሽኑ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ሰዓቱን የምታስታውሰው ትንሿ የባዮስ ባትሪ የሞተችበት አሮጌ ዴስክቶፕም መብራት በጠፋ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ሲሉት («ሱዶ» በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው፣ «አፕት» ሶፍትዌር የሚጭነው ፕሮግራም) ከሰርቨሩ የመጣውን የፕሮግራሞች ዝርዝር «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይጥለዋል። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ፣ ሰዓቱን አውቶማቲክ ያድርጉት። የኛን ሰዓት ከእጃችን ላይ እናየዋለን።

«አፕዴት» ሳይሉ «ኢንስቶል» ማለትም የተለመደ ነው። አፕዴት የሚያድሰው ዝርዝሩን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ካረጀ ማሽኑ የሌለ ፋይል ፍለጋ ሄዶ 404 («አልተገኘም») ይዞ ይመለሳል። ፕሮግራሞቹን የሚያድሰው «አፕግሬድ» ነው፤ እሱ ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ሲገኝ ይሻላል።

ጭነቱ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትልቁ ጥፋት የሚሠራው መብራቱ ከመጣ በኋላ ነው። ማሽኑ «ተቆልፏል» ሲለው ሰዉ ተቻኩሎ የመቆለፊያ ፋይሉን ያጠፋል። ቁልፉ እኮ የተቀመጠው ሁለት ፕሮግራም የተጫኑ ሶፍትዌሮችን መዝገብ በአንዴ እንዳይነካካ ነው። ኡቡንቱ ከጀርባ ራሱ የደህንነት ማሻሻያ ያወርዳል፤ ቁልፉን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። የተቋረጠውን ጭነት የሚጨርሰውን ትእዛዝ ስክሪኑ ራሱ ይነግርዎታል፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»። ካልበቃው «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ይከተላል።

ሳያነቡ «ዋይ» (አዎ) መጫን! በ2021 እ.ኤ.አ. ፖፕ ኦኤስ (ከኡቡንቱ የተሠራ ሲስተም) ላይ ስቲም የሚባለውን የጌም ፕሮግራም ሊጭን የፈለገ ሰው መስኮቶቹ የሚታዩበትን የሲስተሙን ገጽታ በሙሉ አስወገደው። ማሽኑ የሚነቀሉትን ዘርዝሮለት ነበር። «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍም ጠየቀው። ጻፈለት። ስለዚህ «የሚወገዱ» በሚለው ሥር የማያውቁት ነገር ከተደረደረ «ኤን» (አይ) ብለው ይውጡ።

«ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል»ን ይርሱት («ፒፕ» የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጫኚ ነው)። ኡቡንቱ ከተሠራበት ከደቢያን ስሪት 12 ጀምሮ ሲስተሙም ይከለክላል፤ ክልከላውን በግድ ማለፍ ግን የኡቡንቱን የራሱን ፓይተን ሊያበላሽ ይችላል። ለየፕሮጀክቱ በፓይተኑ «ቬንቭ» መሣሪያ የተለየ ቦታ ይክፈቱ።

የመጨረሻው ምክር ኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ላላችሁ ነው። አንድ ዓይነት ፓኬጅ (የመጫኛ ፋይል) ለየማሽኑ ማውረድ ዳታ መጨረስ ነው። አንዱ ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ይውሰድ። ብዙዎች ግን የወረደው የሚቀመጥበትን ፎልደር ከፍተው ባዶ ያገኙታል፤ «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ያጠፋላ። የቆየው ትእዛዝ «አፕት-ጌት» ግን ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው የፎልደር መንገድ ውስጥ ይተወዋል። ኮፒ ከማድረግዎ በፊት የሁለቱ ማሽኖች የኡቡንቱ ስሪት አንድ መሆኑን ይዩ፤ 22.04 ላይ የወረደ 24.04 ላይ እምቢ ሊል ይችላል።