ለጫጩት ዕድገት የሚበጅ የእንቁላል አፈለፋፈልና አመጋገብ

ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት ሳይጨምሩ ሲቀሩ ብዙ ሰው ጥፋቱን መኖው ላይ ይፈልጋል፤ ነገር ግን መዘዙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጫጩቱ ገና ቅርፊት ውስጥ ሳለ ነው።

ለማስፈልፈል የሚመረጡት እንቁላሎች ንጹሕና ያልተሰነጠቁ ይሁኑ፤ ሾጣጣ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርገው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ስፍራ ያስቀምጧቸው፣ ከ7 ቀን በላይም አያቆዩአቸው።

አየሩን በማራገቢያ የሚያዘዋውር የማስፈልፈያ ማሽን ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ይሁን። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፦ ከማስፈልፈያው ጊዜ እኩሌታ በኋላ ሽሉ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ የማሽኑ ቴርሞሜትር ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየ እንቁላሎቹ ግን ከልክ በላይ ሊግሉ ይችላሉ። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ከመሃል ትሪ ጥቂት እንቁላሎችን መርጠው የቅርፊታቸውን ሙቀት ይለኩ፤ ወደ 39 ዲግሪ ከተጠጋ የማሽኑን ሙቀት ቀንሰው አየር ማስገቢያውን ይክፈቱ። በሙቀት የተጎዳ ጫጩት አስኳሉን በሚገባ ሳይጠቀምበት ይወጣል፣ አካሉም ያጥራል። ገልብጠው ሆዱን ቢያዩት እምብርቱ ሳይገጥም ጥቁር ነጥብ ወይም ክር መሳይ ነገር ይታይበታል፤ ጀርም የሚገባውም በዚያው ነው።

እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን። እኔ ግን ከእርጥበት መለኪያው ይልቅ ሚዛንን አምናለሁ፤ ሲገባ 60 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን 53 ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባል። ክብደቱ እምብዛም ካልቀነሰ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው የአየር ኪስ ይጠብባል፣ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ደግሞ ጫጩቱ ይደርቃል። እስከዚያው ቀን ድረስ እንቁላሎቹን በእጅ የሚያዞር ሰው በቀን 3 ወይም 5 ጊዜ ያዙር፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን አያድሩም።

የንጥረ ነገሩ ጉዳይ የሚነሳው ከእናቲቱ ነው። መኖዋ ቫይታሚን ቢ2 ካጠረው ሽሎች ይሞታሉ፣ የሚፈለፈሉትም ጣታቸው ሊቆለመም ይችላል። በ18ኛው ቀን አካባቢ ሽሉን ወደከበበው ፈሳሽ ስኳርና አሚኖ አሲድ በመርፌ የመጨመር ዘዴም አለ፤ ሽሉ ፈሳሹን ከመውጣቱ በፊት ስለሚውጠው የጉበቱ የኃይል ክምችትና አንጀቱ ይጠነክራሉ። ይህ ግን ከጀርም የጸዳ መሣሪያና የተመጠነ ውሁድ ስለሚጠይቅ በግምት የሚሞከር አይደለም።

ለማንኛውም አርቢ የሚበጀው ጫጩቶቹ እንደ ደረቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ውሃና መኖ ማቅረብ ነው፤ ምግቡ አንጀትን ያነቃቃል፣ የተረፈውንም አስኳል ቶሎ እንዲጠቀሙበት ይረዳል። በመጀመሪያው ምሽት የጥቂቶቹን አንገት ሥር በጣት ዳሰስ ያድርጉ፦ እንደ ሊጥ ለስላሳ ከሆነ በልተው ጠጥተዋል፤ ጠጣር ከሆነ ውሃ፣ ባዶ ከሆነ መኖ አላገኙም። የማሳደጊያው ሙቀት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሁን፤ የበረደው ጫጩት ተሰብስቦ ይተኛል እንጂ አይበላም።

በ7ኛው ቀን ይመዝኗቸው። የሥጋ ዝርያ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ የነበራቸውን ክብደት 4 እጥፍ ካላደረሱ፣ መኖውን ከመቀየርዎ በፊት የመጨረሻውን ሳምንት የቅርፊት ሙቀት መዝገብ ይመልከቱ።