የአማርኛ ፓስወርድ፣ የተከደነ ላፕቶፕ፣ የጠፋ ቁልፍ፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንድ የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ፓስወርዴን ተሳስቼ ጻፍኩት» አሉኝ። «ምንም አይደል እትዬ፣ እቀይርልዎታለሁ» ስላቸው፣ «ኧረ እሱን አላልኩም! ተሳስቼ ጽፌም አስገባኝ ነው የምልህ» አሉ።

አላመንኳቸውም። ማታ ቤቴ ገብቼ ኮዱን ስከፍተው ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። ፕሮግራሙን ስሠራ የሞከርኩት በእንግሊዝኛ ፓስወርድ፣ በራሴ አካውንት፣ ቻርጀር በተሰካበት ላፕቶፕ ነበር። ሦስቱ ሲለወጡ ምን እንደሚፈጠር ራሴን አልጠየቅኩም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያች ካልተጠየቀች ጥያቄ የወጡ ናቸው። ምሳሌዎቼ ከሲ ሻርፕና ከዶት ኔት ናቸው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚጽፍም ብዙው ነገር ያው ነው።

ፓስወርድን በአስኪ ወደ ባይት መቀየር

የእትዬ ጉዳይ ይህ ነበር። አስኪ ፊደልን ወደ ቁጥር የሚቀይር የቆየ ሥርዓት (ኢንኮዲንግ) ነው፤ የሚያውቀው 128 ምልክቶችን ብቻ ነው። የዶት ኔቱ የአስኪ ኢንኮዲንግ የማያውቀው ፊደል ሲመጣበት አይጮህም፤ ዝም ብሎ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ስለዚህ «ሰላም»ም፣ «አበባ»ም፣ «ሐረር»ም ሦስት የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የፈለግነውን ጠንካራ ሃሽ (ፓስወርዱን ወደማይመለስ ኮድ የሚፈጭ ስሌት) ብናመጣ፣ ሶልትም (ከፓስወርዱ ጋር የሚደባለቅ የዘፈቀደ ቁጥር) ብንጨምርበት፣ የምንፈጨው ያንኑ ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። እትዬ ባለ አራት ፊደል ፓስወርድ ነበራቸው። የትኛውም አራት የግዕዝ ፊደል ይከፍትላቸው ነበር፤ ለሌላውም ሰው እንዲሁ።

የሲስተሙን ነባሪ ኢንኮዲንግ መጠቀም የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። በድሮው ዶት ኔት ፍሬምወርክ ነባሪው የኮምፒውተሩን ኮድ ፔጅ (ለአካባቢው ቋንቋ የተመረጠውን የፊደል ሠንጠረዥ) ይከተላል፣ በአዲሶቹ ዶት ኔቶች ደግሞ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ሆኗል። ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ያሸጋገረ ሰው በማግስቱ ከእንግሊዝኛ ውጭ የጻፉ ተጠቃሚዎቹ «አልገባም አለኝ» እያሉ ይደውሉለታል።

መፍትሔው ዩቲኤፍ-8ን በስሙ ጠርቶ መጠቀም ነው። የቆየውን መዝገብስ? ብዙ ጊዜ የሚመከረው ተጠቃሚው ሲገባ በድሮው መንገድ አረጋግጦ በአዲሱ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ግን ይህ ምክር ጉድ ያፈላል። የድሮው መንገድ ማንንም ያስገባል፤ የገባውም ሰው የራሱን አራት ፊደል የሌላ ሰው ትክክለኛ ፓስወርድ አድርጎ ያስመዘግባል። ደግነቱ የላቲን ፊደል በአስኪም በዩቲኤፍ-8ም ባይቱ አንድ ስለሆነ በእንግሊዝኛ የጻፉት አይነኩም። በግዕዝ የጻፉትን በአካል እየጠሩ አዲስ ማስያዝ ነው ያለው። እኔ አሥራ አንድ ሰው ጠራሁ፤ አንድ ጠዋት ፈጀብኝ፣ ሻዩንም እኔው ከፈልኩ።

ቢክሪፕት ስንት ፊደል እንደሚያነብ አለማወቅ

ቢክሪፕት የሚባለው የፓስወርድ ሃሽ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ላይብረሪዎቹ ግን ከ72 ባይት በኋላ ያለውን አይመለከቱም። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ 72 ፊደል ማለት ስለሆነ ማንም አይሰማውም። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ወሰኑ 24 ፊደል ነው። ረጅም ሐረግ ፓስወርድ ይሁን ብለን ስንመክር፣ አንዱ ብልህ ተጠቃሚ ሁለት ተረት አያይዞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ቢጽፍ፣ ቢክሪፕት የሚያነበው «ድር ቢያ» እስከሚለው ድረስ ነው። አንበሳው ቢታሰርም ባይታሰርም በሩ ይከፈታል።

እኔ አሁን የምመርጠው አርጎን2ን ነው፤ በ2015 በተጠናቀቀው የፓስወርድ ሃሽ ውድድር ያሸነፈው እሱ ነው። ተጨማሪ ላይብረሪ የማያስገባ መሥሪያ ቤት ከሆነ ከዶት ኔት ጋር የሚመጣው ፒቢኬዲኤፍ2 ይበቃል። ግን ነባሪውን አትመኑት! የድሮዎቹ አሠራሮች ምንም ካልተነገራቸው 1,000 ዙር ብቻ፣ ያውም ሻ-1 በሚባለው የድሮ ሃሽ ይሠራሉ። የኦዋስፕ (የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት) ምክር በሻ-256 ሲሆን 600,000 ዙር ነው።

ኤምዲ5 ወይም ተራ ሻ-256 የሚጠቀምም አሁንም አለ። እነዚህ ፈጣን ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ለፓስወርድ ፍጥነት የሌባው ጥቅም ነው። ራሱ ዊንዶውስም ከዚህ ነውር አላመለጠም፤ የድሮው ኤልኤም ሃሽ ፓስወርዱን ወደ ትልልቅ ፊደል ለውጦ፣ በ14 ገድቦ፣ ሰባት ሰባት አድርጎ ለሁለት ይቆርጠው ነበር።

ሞክሼ ፊደላትን መዘንጋት

«ሠላም» ብሎ የተመዘገበ ሰው ነገ «ሰላም» ብሎ ይጽፋል። ለዓይኑ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። የዩኒኮድ ማስተካከያም ሀ፣ ሐ እና ኀን አያዋህድም። አንዳንዱ ፕሮግራመር በራሱ ሥልጣን አንድ ያደርጋቸዋል። እኔ አልወደውም፤ ለፍለጋ ይጠቅማል፣ ፓስወርድ ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቀመጥ። ፓስወርዱን ለአፍታ የምታሳይ የዓይን ምልክት ከጎኑ አድርጉለት፣ ስህተቱን ራሱ ያያል።

በራስ አካውንት አመስጥሮ በሰርቪስ ለመፍታት መሞከር

የዳታቤዝ ፓስወርድ በኮንፊግ ፋይል ውስጥ ግልጽ ሆኖ እንዳይቀመጥ ዊንዶውስ ከ2000 እትሙ ጀምሮ ዲፒኤፒአይ የሚባል መሣሪያ ይሰጠናል። ቁልፍ አንይዝም፤ ዊንዶውስ ራሱ ከተጠቃሚው መግቢያ ጋር አያይዞ ይይዝልናል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው። ፕሮግራመሩ በራሱ አካውንት ያመሰጥራል፣ ፕሮግራሙን ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) አድርጎ በሌላ አካውንት ይጭነዋል፣ ሰርቪሱ መፍታት ያቅተዋል።

የተናደደው ፕሮግራመር ያኔ ወደ «ሎካል ማሽን» ይቀይረዋል። ይሠራል፤ ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ኮድ ማስኬድ የሚችል ማንኛውም አካውንት ሊፈታው ይችላል። ሒሳብ ሹሙም፣ ጥበቃውም፣ ለአንድ ቀን ፕሪንተር ሊጠግን የመጣው ልጅም። ትክክሉ መንገድ ማመስጠሩን ሰርቪሱ ራሱ፣ በራሱ አካውንት፣ መጀመሪያ ሲነሣ እንዲያደርገው መተው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ተጠቃሚው የዊንዶውስ ፓስወርዱን ራሱ ሲቀይር ምንም አይሆንም። ረስቶት አድሚኑ በግድ ሲቀይርለት ግን፣ ዶሜይን (የመሥሪያ ቤት የጋራ አስተዳደር) ላይ ያልሆነ አካውንት ከሆነ፣ ዲፒኤፒአይ የያዘው ሁሉ አይፈታም። ዊንዶውስ ፎርማት ሲደረግም እንዲሁ፤ በፍላሽ ባክአፕ የተያዘው የተመሰጠረ ፋይል ቁልፍ የሌለው ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ በዲፒኤፒአይ የሚመሰጠረው እንደገና መጻፍ የሚቻል ነገር ይሁን፤ የማይተካ ዳታ ከሆነ ቁልፉ ሌላ ቦታ ግልባጭ ይኑረው።

የተመሰጠረን ባይት እንደ ጽሑፍ መያዝ

የተመሰጠረ ነገር ጽሑፍ አይደለም። በዩቲኤፍ-8 ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ትርጉም ያልተገኘለት ባይት በሌላ ምልክት ይተካል፣ ተመልሶም አይገኝም። ማንኛውንም ባይት በተራ ፊደላት የሚጽፈውን ቤዝ64ን ተጠቀሙ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ችግር ዶት ኔት 6 ላይ መጣ፦ ክሪፕቶ ስትሪም (ምስጥሩን እየፈታ የሚያነብልን መሣሪያ) አንዴ ሲያነብ የተጠየቀውን ያህል ላይሞላ ይችላል። «አንዴ አንብብ» ብለን የምንተወው የቆየ ኮድ የፋይሉን ጅራት ቆርጦ ያስቀረዋል፤ እስኪያልቅ ድረስ በሉፕ ማንበብ ያስፈልጋል።

ምስጠራው በቂ ነው ብሎ ማረጋገጫውን መተው

ኤኢኤስ የሚባለው የምስጠራ ስልት በሲቢሲ ሞድ (አሠራር) ሚስጥር ይደብቃል፤ ፋይሉ መነካት አለመነካቱን ግን አይነግረንም። ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2010 የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ መሥሪያ ኤኤስፒ ዶት ኔት ራሱ በዚህ ተይዟል፤ ጥቃት አድራሹ የተበላሸ ምስጥር እየላከ ከስህተት መልሱ ልዩነት ብቻ ይዘቱን ቀስ በቀስ መፍታት ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በመስከረም ወር አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣለት። ዛሬ ጂሲኤም ሞድ ሁለቱንም ሥራ አብሮ ይሠራል።

ጂሲኤም ግን አንድ ነገር አይምርም፦ ኖንስ የሚባለው ባለ 12 ባይት ቁጥር በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጠቀም የለበትም። ከተደገመ የሁለቱ ጽሑፎች ልዩነት ይጋለጣል፣ ማረጋገጫውንም አስመስሎ መሥራት ይቻላል። እና እንዴት ይደገማል? አንድ ፕሮግራም አየሁ፤ ኖንሱን እንደ ቆጣሪ እየጨመረ ይጠቀማል፣ ቆጣሪውን ፋይል ላይ የሚጽፈው ግን ሲዘጋ ብቻ ነው። መብራት ሄደ። ሲመለስ ቆጣሪው ከጠዋቱ ቁጥር ጀመረ፣ የጠዋቱን ኖንስ ሁሉ ከሰዓት ደገመው። ወይ ቆጣሪው ከመጠቀሙ በፊት ይጻፍ፣ ወይ ኖንሱ በዘፈቀደ ይውጣ። በዘፈቀደ ስል ደግሞ ለምስጠራ የተሠራውን ማለቴ ነው። ተራው «ራንደም» በድሮው ፍሬምወርክ መነሻውን የሚወስደው ኮምፒውተሩ ከበራ ካለፈው ሚሊሰከንድ ነው፤ ቁልፍ ከእሱ አይወጣም።

ፋይልን በራሱ ላይ ማመስጠር

ይህም የመብራት ጉዳይ ነው። ግልጹን ፋይል ከፍቶ እዚያው ላይ የተመሰጠረውን የሚጽፍ ፕሮግራም መሀል ላይ ከጠፋ፣ ግማሹ ግልጽ ግማሹ ምስጥር የሆነ፣ ለማንም የማይሆን ፋይል ይተዋል። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከመጥፋቱ በፊት ለፕሮግራማችን ምንም መልእክት አይልክለትም። በጊዜያዊ ፋይል ጻፉ፣ እስከ ዲስኩ ድረስ ፍለሽ አድርጉ፣ ከዚያ በፋይል ሪፕሌስ ተኩ። በዩኤስቢ የተገናኘ ዩፒኤስ ካለ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ እንደ ባትሪ ስለሚቆጥረው፣ መብራት መሄዱን ፕሮግራማችን ማወቅ ይችላል። ጥቂት ሰው ብቻ ነው ይህን የሚጠቀምበት፤ ይቆጨኛል።

እንቅልፍን ለማስቆም የተሳሳተ ክር መያዝ

ረጅም ምስጠራ ወይም ባክአፕ ሲሠራ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ሴት ትሬድ ኤክሲኪውሽን ስቴት የሚለውን ፋንክሽን እንጠራለን። ሦስት ስህተት ይሠራበታል። አንደኛ፣ «ኮንቲኒዩየስ» የሚለውን ምልክት ካልጨመርንበት የእንቅልፉን ቆጠራ አንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ይመልሳል እንጂ አይዘልቅም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የሚታሰረው በጠራው ትሬድ (የሥራ ክር) ላይ ነው። አሲንክ (ትሬዱን ሳይዝ የሚጠብቅ) ኮድ ከአንድ አወይት (የመጠበቂያ ነጥብ) በኋላ በሌላ ትሬድ ሊቀጥል ይችላል፤ ያኔ «ጨርሻለሁ፣ ተኛ» የምንለው ለሌላ ሰው ነው፣ የመጀመሪያው ጥያቄም እንደተያዘ ይቀራል። የተጠቃሚው ባትሪ ሌሊቱን ያልቃል፣ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። በአድሚን ትእዛዝ መስኮት ፓወር ሲኤፍጂን ከሪኩዌስትስ ጋር ብትጠሩት ማን እንደያዘ በስሙ ያሳያችኋል። ፓወር ክሪኤት ሪኩዌስት ከትሬድ ጋር ስለማይታሰር ለአሲንክ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው፣ ይህ ሁሉ የሚከለክለው ሥራ ሲፈታ የሚመጣውን እንቅልፍ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ክዳኑን ከከደነ ከደነ። ከቪስታ ወዲህ ፕሮግራም እንቅልፍን እምቢ ማለት አይችልም፤ መልእክቱ ሲደርሰው ያለው ጊዜ 2 ሰከንድ ያህል ነው። በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ምስጠራ መጨረስ አይታሰብም። የደረስንበትን መመዝገብ፣ ቁልፉን ከሚሞሪ ማጥፋት፣ በቃ።

ቁልፉን ይዞ መተኛት

ሃይበርኔት ማለት የሚሞሪው ይዘት ወደ ዲስክ ይጻፋል ማለት ነው። ፕሮግራማችን ፓስወርዱን ወይም ቁልፉን ግልጽ አድርጎ ይዞ ከተኛ፣ ያ ቁልፍ ዲስኩ ላይ አለ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ካልተጠበቀ ላፕቶፑን የሰረቀ ሰው ሊያገኘው ይችላል። በሲ ፕላስ ፕላስ ተራ ሜምሴት ማጥፊያ አይሆንም፤ ኮምፓይለሩ «ይህ ከንቱ ነው» ብሎ ሊሰርዘው ይችላል፣ ሴኪዩር ዜሮ ሜሞሪ የተሠራው ለዚህ ነው። በሲ ሻርፕ ደግሞ ስትሪንግ ስለማይለወጥ አይጠፋም፤ ቁልፍን በባይት አሬይ ያዙ፣ ሲያበቃ ዜሮ አድርጉት።

«አምስት ደቂቃ ካልተነካ ቆልፍ» የሚል ታይመርም እንቅልፍ ላይ ያታልላል። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ታይመሩም ይተኛል። ማታ የተከደነ ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት ፕሮግራሙ ገና ሁለት ደቂቃ ያለፈ መስሎት ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ከእንቅልፍ ሲነሣ የግድግዳ ሰዓቱን አወዳድሩ፤ የዊንዶውስ መቆለፊያ ሲዘጋም አብራችሁ ቆልፉ።

ሹት ዳውን ማለት ማጥፋት ነው ብሎ ማመን

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል። ሹት ዳውን ሲባል የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፣ የዊንዶውስ እምብርት የሆነው ከርነልና ሰርቪሶቹ ያሉበት ክፍል ግን ሃይበርኔት ይደረጋል። ማለዳ ሲበራ ሰርቪሳችን አዲስ አይጀምርም፤ ትናንት ከተኛበት ይነሣል፣ የትናንት ቁልፍና የሞተ የዳታቤዝ ግንኙነት ይዞ። «ሲነሣ ቁልፉን ያድሳል» ብለን የጻፍነው ኮድ ለሳምንታት ሳይጠራ ሊቆይ ይችላል። እድሳቱን ከእንቅልፍ መነሻው መልእክት ጋርም አያይዙት። ተጠቃሚው በስልክ «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ እኮ!» ሲላችሁ እውነቱን ነው፤ ሪስታርት የሚለውን እንዲጫን ብቻ ንገሩት።