የአይልትስ ድርሰት ላይ ምሳሌ ሲቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ ድሬዳዋ ለአይልትስ (ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) የሚዘጋጁ ልጆች የጻፉትን ሳርም፣ ነጥብ ሲያስጥላቸው የማየው ከሰዋስው ይልቅ ምሳሌ ነው። ለሁለተኛው ድርሰት የሚመከረው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ቢያንስ 250 ቃል ይጠበቃል። ጥያቄው ራሱ ከምታውቁት ወይም ከገጠማችሁ ምሳሌ አምጡ ይላል።

ችግር፦ አስር ደቂቃ አለፈ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው።
መንስኤው ትልቅ ስም ፍለጋ ነው። ማንዴላ፣ አንስታይን ይመጣሉ፤ ዝርዝሩ ሲፈለግ ግን እጅ ይቆማል። ደጃችሁ ያለውን ያዙ። መንግሥት ለባቡር ገንዘብ ማውጣቱ ይጠቅማል ወይ ቢባል፣ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ ከታች በሜዳው አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰበት ቦታም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሆነ። የድሬ ልጅ ይህን ለመጻፍ ማሰብ አያስፈልገውም።

ችግር፦ ምሳሌው አለ፣ ነጥቡን ግን አይደግፍም።
ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ልጁ የሚጽፈው ነገር አለውና። አንድ ተማሪ “ከተሞች ለአደጋ መዘጋጀት አለባቸው” ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የደረሰውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ተረከ፦ ሌሊት እንደመጣ፣ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ዝግጅት ግን አንድ ቃል የለውም። መንስኤው፣ ታሪኩ ከባድ ሲሆን ራሱ የሚናገር ይመስለናል።

መፍትሄው ከታሪኩ ውስጥ ነጥባችሁን የሚነካውን ክፍል ብቻ መምረጥ ነው። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር፤ ውሃው ሲደርስ ከወንዙ ዳር ያለው ሰው ተኝቷል። አሁን “ስለዚህ” ብላችሁ ቀጥሉ፦ ስለዚህ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ቀድሞ የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከ“ስለዚህ” በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ወደ ሐሳባችሁ ካልተመለሰ፣ ምሳሌውን ቀይሩት።

ችግር፦ “በአንድ ጥናት 85 በመቶ የሚሆኑት...”
ቁጥር ክብደት ይሰጣል ተብሎ የተፈጠረ ነው። ሰርዙት። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ያያችሁትን ጻፉ።

ችግር፦ የተሸመደደ አንድ ምሳሌ ለሁሉም ጥያቄ።
ቦታው አንድ ቢሆን ግድ የለም፣ የምታሳዩት ገጽ ይለያይ። ለቱሪዝም ጥያቄ፣ በግንብ የታጠረው የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይበቃል። ጥያቄው ስለ ባህልና ዘመናዊነት ከሆነ ግን መዝገቡን ተዉት፤ በግንቡ ውስጥ ሰው ዛሬም እንደሚኖርና እንደሚነግድ ጻፉ።

ችግር፦ ምሳሌው ረዝሞ ሰዓቱን በላ።
ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ስለዚህ ምን። ፈታኙ ደቻቱን ላያውቅ ይችላል፤ “ከተማዬን ለሁለት የሚከፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ ወንዝ” ብላችሁ በግማሽ መስመር አስተዋውቁትና እለፉ።