ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ከየት ይጀመራል?

ማብሪያውን ተጫናችሁ፣ ምንም የለም። ወይም ፋኑ ይጮሃል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው። ሁለቱንም ሰው «ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ» ይላቸዋል፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንዴ ተጫኑትና በደንብ እዩ፣ ስሙ። ፋን ይዞራል? መብራት አለ? ቢፕ የሚል ድምፅ ያሰማል? ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይወጣል? የት መፈለግ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልሆነ ወደ ሌላው እለፉ። አምስት ነገር ባንዴ ከነካካችሁ ቢነሳም ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር አታውቁም።

ፋንም መብራትም ከሌለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ። ማከፋፈያውን ተዉትና ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። የሞኒተሩና የኮምፒውተሩ የኃይል ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሯቸው፤ በሞኒተሩ ገመድ ከተነሳ የተበላሸው ገመዱ ነው። ከጀርባ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያም እዩ። ክብ ምልክቱ በኩል ከተጫነች ጠፍታለች ማለት ነው፣ ቀጥ ባለው መስመር በኩል ተጫኗት። ጠረጴዛ ሲገፋ ወይም ሲጸዳ ማንም ሳያውቅ ትነካለች። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ አለ። እባካችሁ እሱን ለሙከራ ብላችሁ እንዳትነኩት፤ 220 ወይም 230 ቮልት በሆነ መስመር ላይ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ገመዱን ንቀሉና ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። መልሳችሁ ሰኩና አስነሱት። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይነሳል።

አሁንም እምቢ ካለ ኬዙን ክፈቱ። ገመዱ የተነቀለ ይሁን፣ እጃችሁም በመጀመሪያ የኬዙን ብረት ይንካ፣ ምክንያቱም ሰውነት ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል። ወደ ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ) እና ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄዱትን የኃይል ገመዶች ጠበቅ አድርጋችሁ ሰኩ። ከፊት ማብሪያው የሚመጣው ቀጭን ሽቦም ከቦታው ወልቆ እንዳይሆን እዩ። እነዚህ ሁሉ ጥብቅ ሆነው ለውጥ ከሌለ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ሌላ ፓወር ሰፕላይ አስገብታችሁ መሞከር ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትፍቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ እኔ በመጀመሪያ የማየው የሞኒተሩን ገመድ ነው። ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚልከው ካርድ) ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ገመዱ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም። ገመዱ ደህና ከሆነ ወደ ራም (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭን የሜሞሪ ሰሌዳ) እለፉ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ታገሱ፣ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ችግር በጣም ብዙ ጊዜ ከራም ነው የሚመጣው። ኃይሉን ነቅላችሁ ራሞቹን አውጡ፣ ወርቃማውን ጫፋቸውን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹ፣ ብናኙን ጥረጉ፣ ከዚያ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሱ። ሁለት ከሆኑ አንድ አንዱን ለየብቻ፣ በተለያየ ቀዳዳ ሞክሩ። ቢፕ የሚል ከሆነ ስንቴ እንደሆነ፣ ረጅምና አጭሩንም ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የማዘርቦርዳችሁን ማኑዋል እዩ።

ራሙም ካልሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የ3 ቮልት ባትሪ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሷት። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። ከዚህ በፊት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ይዛቡ ከነበረ ባትሪዋ ስላለቀች በአዲስ ቀይሯት።

ተነስቶ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ፋን እዩ። ይዞራል? አቧራ አንቆታል? ከማዘርቦርዱ ሥር የወደቀች ብሎንም እንዲህ ታደርጋለች።

ስክሪኑ ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ የሚናገር ጽሑፍ ከመጣ፣ በመጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉ። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ ስሙ ይታይ እንደሆነ እዩ። ካልታየ የዲስኩን ገመድ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩ፣ ወይም ቀይሩት። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግማችሁ አታስነሱት፤ እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል።

የዊንዶውስ ምልክት መጥቶ እዚያው ከቀረ፣ እየተነሳ ሳለ ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደግሙ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ገጹን ይከፍታል። እዚያ ውስጥ የመነሻ ጥገናውን ሞክሩ። ካልሠራ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ) ግቡ፣ ወይም በቅርብ የገባውን አፕዴት አስወጡ። የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ ከጠየቃችሁ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ይገኛል።

«ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁ ሰው ቶሎ ይመጣል። ፎቶዎቻችሁና ሰነዶቻችሁ ሌላ ቦታ ከሌሉ እሺ አትበሉ። ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፣ ወይም ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ ተጠቅማችሁ አስነሱትና ፋይሎቹን መጀመሪያ ቅዱ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።