በፈረንሳይ የኖራ ድንጋይ አምባዎች ላይ የተራራ ብስክሌት እንዴት ይነዳል?

ኮስ ሜዣን የሚባለው አምባ ላይ መጀመሪያ የወጣሁት በሰኔ ነው፤ የያዝኩት ውሃ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ። ካርታው ላይ ክብ ሰማያዊ ምልክት አይቼ «እዚያ እሞላለሁ» ብዬ ነበር። ስደርስ ያገኘሁት በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ክብ ኩሬ ነው፤ ውሃው አረንጓዴ፣ ዳሩ በበግ በጠጥ የጠቆረ። ላቮኝ ይሉታል፤ እረኞች በጎቻቸውን የሚያጠጡበት ነው። እስከ ቀጣዩ መንደር ድረስ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነዳሁ። ከታች ያለውን ያን ቀን ጠዋት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት!

ቦታው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሞንፔልዬ በስተሰሜን ምዕራብ ነው። ሶቭቴር፣ ሜዣን፣ ኑዋር እና ላርዛክ የሚባሉ አራት ትላልቅ ኮሶች አሉ። ኮስ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስቸግርም፤ አምባ ነው። አናቱ ሰፊ፣ ዙሪያው ገደል። ታርን፣ ዦንት እና ዱርቢ የተባሉት ወንዞች አንዳንድ ቦታ 400 እና 500 ሜትር ድረስ ቆርጠው በመውረድ አምባዎቹን ለያይተዋቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢውን ከጎረቤቱ ከሴቬን ተራሮች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የመዘገበውም በግ አርቢዎቹ በዘመናት ብዛት ለሠሩት መልክዓ ምድር ነው።

እዚህ ዝናብ መሬቱ ላይ አይቆይም። በስንጥቁ ሰርጎ፣ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ባሌ፣ ሶፍ ዑመር ላይ የወይብ ወንዝ ድንጋይ ሥር ሲገባ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለብስክሌተኛው የሚተርፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ላዩ ደረቅ ነው፣ ድንጋዩ ስለት ነው። ዝግጅቱ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ይመነጫል።

1. ወቅት ይምረጡ

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ አለዚያም መስከረምና ጥቅምት። በሐምሌና በነሐሴ ሜዣን ላይ ጥላ ፍለጋ መንከራተት ነው፤ አብዛኛው ሣር ብቻ ነው። ክረምታቸው ደግሞ በረዶና ነፋስ ነው። በመከር ወራት ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚመጣው ከባድ ዝናብ ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወንዞቹን ያስቆጣል። ሁለተኛው የከርከሮ አደን ነው፤ ስለዚህ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ልብስ ይልበሱ።

2. ጎማውን ያዘጋጁ

ከብስክሌቱ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ማውጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውድ ብስክሌት በስስ ጎማ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀኑን መንገድ ዳር ተቀምጦ ያሳልፋል። የኖራ ድንጋይ እንደ ወንዝ ድንጋይ ክብ አይደለም፤ ሲሰነጠቅ ጠርዝ ያወጣል፣ ጠርዙም የጎማውን ጎን ይሰነጥቃል።

ወርዱ ወደ 2.4 ኢንች የሆነ፣ ጎኑ የተጠናከረ ጎማ ይምረጡ። ከተቻለ ካላማዳሪ የሌለው፣ ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት ይሁን። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ንፋሱ ትንሽ ከጎደለ ድንጋዩና ቸርኬው መሐል ይጨፈለቅና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ከፊት 1.6፣ ከኋላ 1.8 ባር (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ይህ ፒኤስአይ በሚባለው በሌላው መለኪያ ወደ 23 እና 26 ይሆናል። ካላማዳሪ ካለው ወደ 2.2 ባር ከፍ ያድርጉት። ከዚያ አንድ አጭር ድንጋያማ ቁልቁለት ነድተው ይፈትኑት፦ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ይጨምሩ፤ ብስክሌቱ እንደ ኳስ ከነጠረ ይቀንሱ።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ይኸው፦ ፖምፓ፣ ሁለት ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውጫ፣ ቀዳዳ ውስጥ የሚወተፍ እንደ ክር የሆነ የጎማ ቁራጭ፣ የካቴና ማያያዣ። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ፣ መዳፍ የሚያክል ቁራጭም አይርሱ። ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ፈሳሹ አይደፍነውም። ቁራጩን በስንጥቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ አስደግፈው፣ ካላማዳሪ አስገብተው፣ ሳያበዙ ይነፋሉ። እኔ ቁራጭ ባልያዝኩበት አንድ ቀን የ5 ዩሮ ኖት አራት ቦታ አጥፌ አስገብቼበታለሁ። መርካቶ ያለ ጎሚስታ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር፤ ግን መንደር አድርሶኛል፣ ኖቱም በኋላ ቡና ገዛ።

3. ውሃ ይያዙ

በሞቃት ቀን ለግማሽ ቀን ጉዞ ሦስት ሊትር። ይህን ሲሰሙ ይበዛል የሚሉ አሉ፤ ሽቅብ አብሬያቸው ነድቼ አውቃለሁ።

የአገሬውን የድሮ ቤቶች ልብ ብለው ይዩ። በአምባው ላይ የሚታነጽ እንጨትም፣ ምንጭም ስላልነበረ ቤቶቹ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ ድንጋይ ናቸው፤ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብም በጉድጓድ ይጠራቀም ነበር። ባለቤቶቹ እንኳ ጠብታ ሲቆጥሩ የኖሩበት አገር ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ባለፉ ቁጥር ይሙሉ። ቧንቧው ላይ «ኦ ፖታብል» የሚል ካለ የሚጠጣ ነው፤ ከ«ፖታብል» በፊት «ኖን» ካለበት አይጠጣም። የፈረንሳይ ብስክሌተኞች ቧንቧ ሲያጡ የመንደሩን መቃብር ይፈልጋሉ፤ አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ አይጠፋም። መጀመሪያ ቀፎኝ ነበር። ሲጠማ ግን ይለመዳል፤ እዚያም ቢሆን ጽሑፉን ማንበብ ነው።

4. መንገድ ይምረጡ

የተራራ ብስክሌት መንገድ ምልክቱ በሁለት ክብ ላይ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን ነው። ቀለሙ ክብደቱን ይነግርዎታል፦ አረንጓዴ በጣም ቀላል፣ ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ ከባድ፣ ጥቁር በጣም ከባድ። በሌላ አገር ቀይ የለመደ ሰውም ቢሆን የመጀመሪያውን ቀን በሰማያዊ ይጀምር። ከፍሎራክ ከተማ ወደ ሜዣን የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ 500 ሜትር ገደማ ያስወጣል፤ ጠዋት በማለዳ ይጨርሱት። ካርታውን ስልክዎ ላይ አስቀድመው ያውርዱ፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። በሴቬን ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ከተከፈተ ዱካ ወጥተው አይንዱ።

5. ድንጋዩ ላይ ሲነዱ

ኮርቻውን ዝቅ ያድርጉ፣ ከኮርቻው ብድግ ይበሉ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ወደ ታች ከወረደ ድንጋይ ይመታና ያሽቀነጥርዎታል። ጉልበትና ክርን ይታጠፉ፣ መሪውን እንደሚያመልጥ ዶሮ ጨምድደው አይያዙት።

ዓይን የፊት ጎማ ላይ ከተተከለ ወደቁ ማለት ነው። አራት አምስት ሜትር ወደፊት ይዩ፤ ጎማው ዓይንዎ የመረጠውን መስመር ይከተላል። ፍሬን የሚያዘው ከድንጋዩ ደረጃ በፊት ነው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ የፊቱን ፍሬን ይልቀቁ፣ ክብደትዎን ትንሽ ወደ ኋላ ይውሰዱ፣ ጎማው ይውረድ። ኮረት የመሰለ ልቅ ድንጋይ ላይ ደግሞ ብስክሌቱ ከሥርዎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይበል፤ ለማስቆም ሲታገሉ ነው የሚጥልዎ።

ከዝናብ በኋላ ግን ሌላ አገር ነው። የበግና የሰው እግር ለዘመናት ያለሰለሰው ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፤ በላዩ ሲያልፉ አይጠምዝዙ፣ ፍሬንም አይንኩ፣ ቀጥ ብለው ይለፉ። ዝቅ ባሉት ጎድጓዳ ሜዳዎች ያለው ቀይ ጭቃ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ እስከማይዞር ድረስ ያስረዋል። ኮስ ኑዋር ላይ፣ ሞንፔልዬ ለ ቪዩ በሚባለው የድንጋይ ጫካ አካባቢ ደግሞ ዶሎማይት የሚባለው ድንጋይ ፈርሶ ግራጫ አሸዋ ሆኗል። አሸዋ ላይ ቀላል ማርሽ ይዘው፣ ሳያቋርጡ ይርገጡ።

6. በጎቹንና ውሻውን ያክብሩ

በጎቹ የሮክፎር አይብ ወተት የሚታለብባቸው ናቸው፤ ለገበሬው ከእርስዎ መዝናኛ ይበልጣሉ። አጥር በር ካጋጠመዎ እንዳገኙት ይተዉት፤ ተዘግቶ ካገኙ ዝጉ። መንጋው መሐል ነጭ ትልቅ ውሻ ካዩ ፓቱ ነው፤ ሥራው መንጋ መጠበቅ ነው። ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል ያድርጉ፣ ሳይጮሁ በቀስታ እየገፉ ራቅ ብለው ይዙሩ። በፍጥነት አመልጣለሁ ማለት ሞኝነት ነው።

7. ወደ ገደሉ ይውረዱ

ከመውረድዎ በፊት ቆመው ሰማዩን ይዩ። ከዦንት ገደል በላይ የሚያንዣብቡት ጥንብ አንሳዎች ከአካባቢው ፈጽሞ ጠፍተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሰው እጅ እየተለቀቁ ነው የተመለሱት። አንዳንዴ ከእግርዎ በታች ሲበሩ ጀርባቸውን ያያሉ።

ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ፍሬን ይዘው አይቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ። ከጋለና ከላላ ቆመው ያቀዝቅዙት። እግረኛ ቅድሚያ አለው። ከለ ሮዚዬ መንደር በላይ በገደል አፍ የሚሄዱት ጠባብ ዱካዎች የእግረኛ ናቸው፤ ብስክሌቱን መንደር አስረው በእግር ይሂዱ። ጉዳት ከደረሰ 112 ይደውሉ፤ ኔትወርክ ወዳለበት ከፍታ መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ታች ሲደርሱ ላይ የጠፋው ዝናብ ከቋጥኝ ሥር ምንጭ ሆኖ ሲወጣ ያገኙታል፤ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። እግርዎን ይንከሩ፣ ከዚያ ጎማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ እያሽከረከሩ ጎን ጎናቸውን በጣት ይዳስሱ። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ዛሬ ማታ ይጠግኑት፤ ነገ ጠዋት እንደገና 500 ሜትር መውጣት አለ።