ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ለወጥ ይሠራ ይሆናል፤ ለእንጀራ ግን አይሠራም። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ የእሳቱን ግለት በየአቅጣጫው ለነፋስ ሲሰጥ፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ግን በአግባቡ ከተተከለ የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ምድጃውን ገዝተው ብዙም ለውጥ አላየንም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ሳይሆን ከአተካከሉና ከአነዳደዱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጸመው ስህተት ምጣዱን ሳይለኩ ምድጃ መግዛት ነው። የእንጀራ ምጣድ ስፋት በአብዛኛው ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም የአንዷ ሸክላ ሠሪ ሥራ ከሌላዋ ጋር እኩል አይመጣም። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ካነሰ በዙሪያው በሚቀረው ክፍተት ነበልባሉም ጭሱም ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይወጣል፤ ከሰፋ ደግሞ ጠርዙ ከእሳቱ ውጭ ስለሚቀር የእንጀራው ዳር ሳይበስል መሐሉ ያርራል። የምጣዱን ስፋት በገመድ ለክቶ ወደ ሻጭ መሄድ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሁለተኛው ስህተት የመገጣጠም ነው። ምድጃው ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አራቱ ተጋጥመው ምጣዱ የሚያርፍበትን ክብ ሲሠሩ፣ ሁለቱ ከኋላ በኩል ድስት ይጣድባቸዋል። እነዚህን ባልተደለደለ መሬት ላይ አቁሞ፣ መገጣጠሚያቸውን ሳይመርጉ ማንደድ ሦስቱን ጉልቻ በውድ ዋጋ መልሶ እንደመግዛት ነው። መሬቱ ከተስተካከለ በኋላ ስንጥቆቹ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርገው፣ ጭቃው እስኪደርቅ ሊጠበቅ ይገባል። ምድጃው መቼ እንደተሠራና በቂ ውኃ ጠጥቶ መድረቁን ሻጩን መጠየቅም አይከፋም፤ ገና ያልጠነከረ ሲሚንቶ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል።

ብዙ ማገዶ የሚባክነው ግን በአነዳደድ ነው። የማገዶ መክተቻው የጠበበው ሆን ተብሎ ሲሆን፣ በጉልቻ እንደለመዱት ወፍራም ግንድ የሚገፉበት ሰዎች አየር የሚገባበትን መንገድ ስለሚዘጉ እሳቱ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ቀጫጭን ፍልጥ፣ ጭራሮና ቅጠል ጥቂት በጥቂቱ መማገድ፣ የተጠራቀመውንም አመድ አስቀድሞ መጥረግ ያስፈልጋል። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ሊሆን ስለሚችል፣ ተፈልጦ በጥላ ሥር ለወራት ካልደረቀ ግለቱ የሚያልቀው ያንን ውኃ በማትነን ነው። ምጣዱን ለማጋል ብቻ ብዙ ማገዶ ስለሚሄድም፣ በየቀኑ አምስት ስድስት እንጀራ ከመጋገር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አብዝቶ መጋገር ይመረጣል።

ከኋላ በሚወጣው ግለት ሽሮ ማብሰል ወይም ውኃ ማሞቅ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን ድስቱ መውጫውን ሙሉ በሙሉ ከደፈነው ጭሱ በፊት በኩል ይመለሳል። ጭስ መውጫ ቱቦ የሌለው ምድጃ ጭስን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ስለሆነም መስኮት መክፈት አይቀርም። ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ ፍም መተው ግን በምንም ምድጃ ቢሆን ለሞት ሊዳርግ ይችላል፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

እንጨቱን ትተው ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሻገሩትም የራሳቸው ስህተት አላቸው። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ በቀጭን ገመድ ወይም በኤክስቴንሽን መሰካት ገመዱን አቅልጦ ቤት ሊያቃጥል ይችላል፤ የራሱ ብሬከር ያለው ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልገዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ የእንጨት ምድጃውን ወዲያው ማፍረስ አይመከርም፤ የቦካ ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።