በሕዝብ ግጦሽ መሬት ላይ ፌንጣን በጊዜው መቆጣጠር

ፌንጣን መቆጣጠር የሚቻለው ክንፍ ሳያወጣ ነው። ቆጠራው ኩብኩባው (ክንፍ ያላወጣው የፌንጣ ግልገል) መፈልፈል እንደጀመረ ይጀመር፤ በየሳምንቱም ይደገም። ፀሐይ ሞቅ ብላ ነፋስ ረገብ ሲል፣ ጎኑ 32 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ከፊትዎ በዓይን ይገምቱ፤ በቀስታ ተጠግተው ዘለው የሚወጡትን ይቁጠሩ። ጥላዎ ካሬው ላይ ካረፈ አስቀድመው ይሸሻሉ፤ ቁጥሩም ያንሳል። ይህን በ20 ቦታዎች አድርገው ድምሩን ለ2 ሲያካፍሉ በካሬ ሜትር ስንት እንዳለ ያገኛሉ።

ከ8 እስከ 10 ከደረሰ ርጭት ይታሰባል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይወስንም፤ ከብት የማይበላውን አረም የሚመገቡ ዝርያዎችም ስላሉ መጀመሪያ ዝርያውን ይለዩ።

ዳይፍሉቤንዙሮን የተባለው ፀረ-ተባይ መድኃኒት ኩብኩባው ቆዳውን እንዳይቀይር ያደርጋል። በሁለተኛና በሦስተኛ የእድገት ደረጃ ላይ ይርጩት፤ ክንፍ ያወጣውን አይገድልም። ውጤቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ወዲያው አልሞተም ብሎ መድገም ትልቅ ስህተት ነው። መሬቱን በሙሉ መርጨትም አያስፈልግም፦ አንዱን ሰቅ ረጭተው ቀጣዩን ይተዉ። ኩብኩባው ሲንቀሳቀስ ወደተረጨው ይገባል፤ ፌንጣ የሚበሉ ነፍሳት ደግሞ ባልተረጨው ይተርፋሉ። መድኃኒቱ በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳትን ስለሚገድል ከወንዝና ከኩሬ መለያው ላይ የተጻፈውን ርቀት ይጠብቁ።